ምክንያቱን ማንም አልጠየቀንም

ይድረስ ለምወድዎ ለባሌ እናት፣ ለእናቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ሥራዬም ጤናዬም ደህና ነው፤ ሆዴን ካልጠየቁኝ በቀር።

ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው የምጽፍልዎ። እኔና ልጅዎ ፍርድ ቤት ሄደን በስምምነት ለመፋታት ማመልከቻ አስገባን። መንገዱን ሙሉ ለዳኛ የምመልሰውን ሳጠና ነበር። ዳኛዋ ግን ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ነው ወይ ብቻ አሉን፤ ምክንያት መናገር አያስፈልግም አሉ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ለምን ብሎ የጠየቀን ሰው አለመኖሩ አንገበገበኝ። እርስዎም እባክዎ አይጠይቁት። እጁን አላነሳብኝም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም።

ንብረት ስንካፈል ደግሞ ቸር ሆኖ አረፈው። ቤቱንም የስፌት መኪናውንም ለእሷ ይሁን ብሎ ተወልኝ። ያን ቁም ሣጥን ያስታውሱታል? መኝታ ቤት ውስጥ ገጣጥሞት በበር አልወጣ ያለውን? አናጢ ሆኖ በሩን ሳይለካ! የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይሄስ የማን ይሁን ስትለው፣ ቤቱን የወሰደ ይወስደዋል፣ ሌላ መላ የለውም አላት። ሳልወድ ሳቅሁ። ልንፈርም ስንል ግን አቀርቅሮ አንዲት ዕቃ ብቻ ልውሰድ አለ፤ በተጋባን ሰሞን የሠራትን የሕፃን አልጋ።

እማዬ፣ ያቺ አልጋ ሕፃን ተኝቶባት አያውቅም። ከስፌት የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ነበር የማስቀምጥባት። ለምን እንደፈለጋት አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ጨርቁን አራገፍኩ፣ አቧራዋን ወለወልኩ፣ አንድ እግሯ ስለላላ አጥብቀው ብዬ ሰጠሁት። ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ።

በቅርቡ ደስ የሚል ወሬ ይዞልዎ ይመጣ ይሆናል። ለእኔ አዝነው ደስታዎን እንዳይውጡት፤ እርስዎም ብዙ ጠብቀዋል። ይዟት የሚመጣውንም ሴት እኔን እንዳቀፉኝ አቅፈው ይቀበሏት፤ የምታውቀው ሰው አይኖርም፣ ትፈራ ይሆናል። የምለምንዎ ግን አለ። እኔን ሰው ፊትም ጓዳም «ልጄ» ብለው ሲጠሩኝ ኖረዋል። እሷን በስሟ ይጥሯት።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልኝ።

ልጅዎ