በካሴት የመጣች አያት

ውድ ሎውሪ፣

የዘመናዊ ብሪታንያ ታሪክ ትምህርቴን ላቋርጥ ነበር። ትናንት ግን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ስለ ከሰል ቆፋሪዎቹ አድማ የተቀዳ ካሴት ሳዳምጥ፣ አንዲት ሴት «ማቫንዊ ፕሮበርት እባላለሁ» አለች። ሳልወለድ የሞተችው አያቴ ናት።

«ፖሊሶቹን አልፈሩም?» አላት ጠያቂው።

«ፈራሁ እንጂ፤ ግን ለአድመኞቹ የምሠራው ሾርባ እንዳያርርብኝ ነበር ሐሳቤ» ብላ ሳቀች።

ውጭ እንደኛ ሸለቆ ያካፋል፤ እኔ በህልም እንዳለ ሰው ፈዝዣለሁ። የቤተ መዛግብቱ ሽማግሌ ሠራተኛ «ልንዘጋ ነው፣ የኔ ልጅ» ብለው መጡ፤ ዕንባዬን ሲያዩ ግን ወንበር ስበው አብረውኝ አዳመጡ።

ትምህርቴን እቀጥላለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ለአባቴ ምንም እንዳትነግሪው። እናቱ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድምፅዋን አያስታውሰውም። ቅዳሜ ቅጂውን ይዤለት እመጣለሁ።

ያንቺዋ ኔሪስ