ለድሮው ግድግዳ የተገዛ ቴሌቪዥን

እህቴ አጸደ፣ ከጅዳ ሰላም እልሻለሁ። ዑምራዬን ጨርሼ ዛሬ ከልጄ ከሳጂዳ ጋር ሐይቅ ከተማ ላለው ቤቴ ቴሌቪዥን ልንገዛ ወጣን። ሱቁ ውስጥ የተደረደሩት ሁሉ አንድ ሐይቅ ያሳያሉ። ከኛው ይልቅ ሰማያዊ ነው፤ ግን አንድም ዓሣ አጥማጅ የለበትም። ሻጩ የአገራችን መብራት ይስማማው እንደሆነ ጠየቀ። «ሲኖር ይስማማዋል በዪው» አልኳት።

ሳጂዳ እጆቿን ዘርግታ ትልቁን ለካች። «ይኸ ነው እማ፤ ከመስኮቱ ጎን ላለው ግድግዳ ልክ ነው። ኢንሻአላህ ስመጣ አብረን እናያለን።» ስመጣ ስትል አሥራ አንድ ዓመቷ፤ ለአባቷ ቀብር እንኳ አልመጣችም። ያ ግድግዳ እሱ በሞተበት ክረምት ፈርሶ፣ እንጨት አጥሮን፣ እኔና አንቺ ከድሮው አጥብበን የመረግነው ነው። ሳጂዳ ይህን አታውቅም። «አዎ፣ ልክ ነው» አልኳት፤ ገዛች።

ፊደሌ ትልልቅ ሆኖ ቦታው አለቀብኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ወንድሜ ሙዘይን እንጨትና ጭድ ያዘጋጅ፤ ግድግዳውን ወደ ድሮው ስፋት እንመልሰዋለን። ትመጣለች ብዬ አይደለም። ከመጣች ግን ቤቷ እንዳይጠፋባት ነው።