ለሳሙናው ያስፈረምኩሽ ወረቀት

ውድ እታለም፣

ይህን የምታነብልሽ ልጅሽ መሆኗን አውቃለሁ። እሷ ፊት መዋረዴ አይቀርም፤ ግን በአፌ ልነግርሽ ሁለቴ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ሁለቴም የተመለስኩ ፈሪ ነኝ። አንብቢላት የኔ ልጅ፣ አንድም ቃል እንዳታስቀሪ።

መንግሥት ለትንንሽ ነጋዴዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ላይ አምስት ቀን ተቀምጬ ነበር። ስለ ንግድ ምልክት፣ ስለ ፈጠራ መብት፣ ስለ ንግድ ሚስጥር ተማርን። አሠልጣኙ «የምርታችሁን ሚስጥር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ለሌላ እንዳያሳልፍ፣ ራሱም እንዳይሠራበት አስፈርሙት» ብሎ የውል ናሙና አደለን። ቤት ገብቼ አሰብኩ። የሳሙናውን አሠራር የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ማን አለ? አንቺ ብቻ።

እታለም፣ ሳሙናው እኮ ያንቺ ነው። የሰው ልብስ ስታጥቢ እጅሽ እየተሰነጠቀ ቢያስቸግርሽ፣ ዘይቱን ከሶዳው ጋር ስትለኪ፣ ስታበላሺ፣ ስትደፊ ዓመት ሙሉ አይቼሻለሁ። ካንቺ ተምሬ ለገበያ ሳወጣው እኔ የጨመርኩት መጠቅለያውን ነው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ውሉን ይዤ መጣሁ። «ምን ይላል ሚጣ?» አልሽኝ። «የመንግሥት ፎርም ነው፣ አሻራሽን ብቻ አሳርፊ» አልኩሽ። አውራ ጣትሽን ሶዳው ልጦት አሻራው አልወጣ አለ። ጣትሽን ይዤ ደጋግሜ ተጫንኩት። አንቺ ደግሞ «አደከምኩሽ አይደል?» ብለሽ አረፍሽው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንዱን ቅጂ ትቼልሽ፣ የቀዳሽልኝን ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለሱቁ እየሳቀ «እህትሽ ያንቺን ሳሙና ገዝታ ሄደች» አለኝ። «ራስሽ አትሠሪም ወይ ብላት፣ ‹ፈርሜያለሁ፤ ልጄ አንብባ ነገረችኝ› አለች።» ጎረቤትሽም አስተምሪኝ ብላሽ በዚያው ምክንያት እንደመለስሻት ሰማሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳታኮርፊኝ ቃልሽን ጠበቅሽ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሠልጣኙ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ዘረገፍኩት። መነጽሩን አወለቀና «እኔ እኮ ሌባ እንዳይገባባችሁ ነው ያልኩት። አንቺ ባለቤቷን አስወጥተሽ በሩን ቆለፍሽው?» አለኝ። ሰው እየሰማ ነበር።

ውሉን ቀድጄ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። አብሮት ያለው አዲስ ወረቀት ደግሞ አሠራሩ ያንቺ መሆኑን ይላል፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥሪ፣ ጎረቤትሽንም አስተምሪያት፣ ማንንም አትጠይቂ። እኔ ልቀጥል ወይስ ልተው የሚለውን አንቺ ወስኚ። «በቃሽ» ካልሽኝ አቆማለሁ። ያኔ ሳሙና ሲያልቅብኝ እንደማንም ደንበኛ ደጅሽ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ቅድሚያ እንዳትሰጪኝ።

ያስተማርሻት፣ ያስፈረመችሽ
ታናሽሽ