ወይዘሮ ቨርና ቁልፉን አልነኩም

ለተከበሩ አቶ ጋርላንድ ኪንድሬድ
የሐርላን ክሪክ ወረዳ ትምህርት ቤቶች የትራንስፖርት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የአዲሱን የቢሮ ማሞቂያዎን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ጋራዥዎ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በናፍጣ የታጠብኩት መካኒክ ኦሪን ትቬት፣ እንቅልፍ ካጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት ቢሮዎ ተዘግቶብኝ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተከፍቶልኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ በፈገግታ ስለሸኙኝ ነው። የፊታችን ሐሙስ የትምህርት ቤቶቹ ቦርድ ሾፌራችንን ወይዘሮ ቨርና ሃልቮርሰንን ከሥራ ለማሰናበት ድምፅ ይሰጣል፤ ማስረጃው ደግሞ እኔ የፈረምኩበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በጥር ወር አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሃያ ሦስት ተማሪ እንደጫነ የባቡር ሐዲድ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቀጥ ሲል፣ ወይዘሮ ቨርና ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዘው በበረዶው ውስጥ ወደ ዳር አወጧቸው። ባቡር አልመጣም፤ ተመስገን። እርስዎ ግን ወዲያው ደውለው “በሁለት ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን አምጣልኝ” አሉኝ። አውቶቡሱ ተጎትቶ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር። ቁልፉን ባዞረው ባንዴ ተነሳ። ኮምፒውተሩን ብጠይቀው አንድም ብልሽት አልመዘገበም። የሞተሩን ፍጥነት የሚያነበውን ሴንሰር ለካሁ፤ ነዳጁ የሚረጭበትን ጊዜ የሚጠብቀውንም ለካሁ፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። “ማሽኑ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የሴትየዋ ነዋ!” አሉ እርስዎ። እኔም “ሾፌሯ ሳታውቅ ቁልፉን አዙራ ሞተሩን አጥፍታለች” ብዬ ጻፍኩ።

፪ኛ. “ለፈጣንና ብቁ ምርመራ” ብለው ስለላኩልኝ የምስጋና ወረቀት እጅ እነሳለሁ። መታጠቢያ ቤት በር ላይ ለጥፌው ነበር፤ ትናንት ቀደድኩት።

፫ኛ. ይኸኛው የእርስዎ አይደለም፤ የእኔው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱት ሴትዮ ያን ለት ጋራዥ መጥተው፣ ጓንታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ “ኦሪን፣ ስማኝ ልጄ፣ ቁልፉን አልነካሁም። አውቶቡሱ ገና እየሄደ የሞተሩን ዙር የምታሳየዋ መርፌ ነች ቀድማ ዜሮ ላይ የወደቀችው” አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? ሳቅሁ። “እማማ ቨርና፣ መነጽር ሳይቀይሩ አልቀሩም?” አልኳቸው። የጋራዡ ሰው ሁሉ አብሮኝ ሳቀ። እሳቸው ወጥተው ሄዱ። ወይኔ! ማንም ጀማሪ መካኒክ የሚያውቀውን ምልክት ነበር በአፋቸው የነገሩኝ።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ሾፌር ጠፍቶ አሥራ አራት ቁጥርን እኔው ራሴ፣ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ጭኜ ነዳሁት። የወፍጮውን ዳገት ስንጨርስ፣ ሞተሩ በደንብ ሲግል፣ አውቶቡሱ ገና እየሄደ መርፌዋ ዜሮ ላይ ዱብ አለች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። እጄ ከቁልፉ አጠገብም አልነበረም። ወርጄ የፍጥነቱን ሴንሰር በትኩሱ ብለካው ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተቋርጧል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ መልሶ ገጠመ፤ ሞተሩም ተነሳ። ሴንሰሩ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን የብረት ቀለበት ጥርሶች መቁጠር ሲያቆም መርፌዋ ዜሮ ትላለች፣ ኮምፒውተሩም ሾፌሩ ያጠፋው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ምንም ብልሽት አይመዘግብም። የትኩስ ሞተር በሽታ በቀዝቃዛ ሞተር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ እኔ ደግሞ ኩበት አጣሁ ብዬ ሰው ከሰስኩ።

፬ኛ. ይህን ሁሉ ሳስረዳዎ “ሴንሰሩን ቀይር፣ ወረቀቱ እንዳለ ይቆይ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል” በማለት ስለሰጡኝ አባታዊ ምክር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሴንሰሩን ቀይሬያለሁ። ወረቀቱን ግን በዚህ ደብዳቤ ሽሬዋለሁ። ሐሙስ ቦርዱ ፊት ቆሜ የተበላሸውን ሴንሰር በሙቅ ውኃ ነክሬ እለካላችኋለሁ፤ ሰው ከማሰናበታችሁ በፊት የመለኪያዬን መርፌ እዩዋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ እውነት ነው፤ አልከራከርም።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ሁሉን ለሚያውቁት ለእርስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የሐሰት ወረቀት ፈራሚነቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤

ኦሪን ትቬት፣ ሳይመረምር የፈረደ መካኒክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ወይዘሮ ቨርና ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ዳገቱ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ እንደቆምን ስነግራቸው ግን አቋረጡኝና “ውይ! ልጆቹን አልበረዳቸውም?” አሉኝ። እርስዎ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ አስገብተውኝ ይህን አልጠየቁኝም። እኔም በጥር ወር፣ እሳቸው በረዶውን ሳያራግፉ ፊቴ ቆመው፣ አልጠየቅኋቸውም።