ያልነበሩትን ጭጬዎች ስላስመረቁልኝ

ለክቡር አቶ ገነነ
የወረዳችን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከምረቃው በዓልም ወዲህ በየስብሰባው የሚጠራው ስምዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ያምሮት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር፣ እርስዎም በመድረክ ላይ «ተመራማሪያችን» ብለው ያከበሩኝ ሴት፣ ከእንቅልፍ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ የሰጡኝም ክብር በአደባባይ ስለነበረ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ወይም ጠይቀውኝ እውነቱን ብናገር ኖሮ እንደሚያውቁት፣ ጭጬዎችን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ለንባብ ክበብ ተማሪዎቼ የሚነበብ ነገር ባጣ፣ ከኮረብታችን ሥር ከመሬት በታች የሚኖር፣ ከላይ የሚሰማውን ኮቴ ሁሉ የሚፈራ ሕዝብ ጻፍኩላቸው። ሕዝብ ያለ ባህል አይሆንምና ባህልም አበጀሁለት። ጭጬዎች ሲገናኙ እንደምን ዋላችሁ አይባባሉም፤ አንዱ «ማን አየሽ?» ሲል ሌላዋ «ማንም» ትላለች። ሙሽራ ሲሸኙ ሴቶቹ እልልታውን በመዳፋቸው ያፍኑታል። ልጆቻቸው መጀመሪያ የሚማሩት ጨዋታ አለመንቀሳቀስ ነው። ሽማግሌዎቻቸው ሲመርቁ «ደብዛህ ይጥፋ» ይላሉ፤ ተደብቆ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለምና። ሐዘን ሲደርስባቸው ደግሞ ባዶ ጋን አፍ ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ፣ ድምፃቸውን ጋኑ እንዲውጥላቸው።

ከእነዚህ ልማዶች የመጨረሻውን አልፈጠርኩትም።

ታሪኩ ከልጆቹ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። ትምህርት ቤታችን ድረስ በመኪና መጥተው፣ ርዕሰ መምህሩ ወንበራቸውን ለቀውልዎት፣ «ይህ ሕዝብ የት ነው የኖረው?» ብለው ጠየቁኝ። «እዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ» ማለት ነበረብኝ። «ከመሬት በታች» አልኩ። «ማን ነገረሽ?» ሲሉኝም «ከዚህም ከዚያም ነው» አልኩ። እርስዎ እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው «የጠፋብንን አገኘሽልን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይህን ልሸሽግዎት አልችልም፤ በጣም ደስ አለኝ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. የአቶ ክንዱ ፍየሎች ከዝናብ የሚጠለሉባትን ዋሻ «የጥንታዊው የጭጬ ሕዝብ መኖሪያ» በሚል ሰሌዳ ስላስከበሩልን አመሰግናለሁ። ፍየሎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ዛሬም ይገባሉ፤ የተቀጠረው ጥበቃ ግን ቅርስ እንዳይበላሽ እያባረረ ዝናብ ያስመታቸዋል። አቶ ክንዱ ለዚህ ሁሉ ክብር ምን እንዳደረጉ እስካሁን አልገባቸውም።

፪ኛ. በምረቃው ዕለት ከፍኖተ ሰላም የመጡትን እንግዶች «በጭጬ አባቶች ምርቃት፣ ደብዛችሁ ይጥፋ!» ብለው ስለተቀበሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንግዶቹ አሜን ለማለት ተቸግረው እርስ በርስ ተያዩ እንጂ፣ ምሳው ሳይቀርብ መኪናቸውን አስነሥተው ሲሄዱ ምርቃቱ መድረሱን ሁላችንም አይተናል።

፫ኛ. ይህን ቁጥር ጻፍኩት እንጂ የሚመጥነው ቀልድ አላገኘሁለትም።

እትዬ እናኑ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ልጃቸው ባምላኩ ሥራ ፍለጋ በነቀምት መንገድ ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እትዬ እናኑ በሰው ፊት አያለቅሱም፤ ቢያለቅሱ ሟርት ይሆንበታል፣ በቁሙ ገደልኩት ይሆናል ብለው ይፈራሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክብሪት ልለምን በሩን ገፋ ሳደርግ፣ በጠላ ጋናቸው ላይ ተደፍተው አየኋቸው። ድምፁ ከጋኑ ውስጥ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይመጣ ነበር። ሳያዩኝ በሩን መልሼ ወጣሁ። ወደ ክፍሌ ገብቼም ለቅሷቸውን ለጭጬዎች ሰጠሁት፤ ዓረፍተ ነገሩ ስላማረልኝ ደጋግሜ አነበብኩት።

ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ኖሯል፤ ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ምንም አይደብቅም። አውቀው ግን ዝም ይሉላቸው ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ለምረቃው ትርኢት ጽሑፌን ይዞ «ጋን ላይ የሚያለቅስ ሰው በዚህ አካባቢ አለ?» እያለ በየቤቱ ሲጠይቅ ነው አንዱ አምልጦት የጠቆመው። ለእትዬ እናኑ ምንም አልተብራራላቸውም፤ «የመንግሥት ሰዎች ይፈልጉሻል» የሚል መልእክት ብቻ ተላከላቸው። የመንግሥት ሰው እሳቸውን ለምን ይፈልጋቸዋል? በእሳቸው ቤት ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ለበዓል የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው በባጃጅ ወደ ምረቃው ሜዳ መጡ።

መድረኩ ላይ ሲወጡ እኔ ከፊት ረድፍ ነበርኩ። መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግቶ «እማማ፣ እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩን» አላቸው። ተገዝቶ የቀረበውን ጋን አዩ። ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረው፣ ሜዳው ሁሉ በድምፅ ማጉያው እየሰማ፣ «ጌታዬ፣ ልጄ ተገኘ ወይ?» አሉ።

ተጨበጨበ። የትርኢቱ መጀመሪያ መሰላቸው። የሚመልስላቸው ሲያጡ ጋኑ ላይ ወድቀው ጮኸው አለቀሱ፤ ጭብጨባውም ባሰበት። እርስዎ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። በዚህ አልወቅስዎትም፤ ትርኢት መስሎዎት ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። የሰጡኝን ባለ መስታወት የምስክር ወረቀት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ ሰው እንዲያስቆመው እየተመኘሁ፣ እስኪያበቃ ድረስ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ምናልባት አልሰሙም ይሆናል። እናት በአደባባይ ካለቀሰች የሰማችው መርዶ አለ ብሎ አገሩ ሁሉ ለቅሶ ይደርስ ጀመር። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ «እግዜር ያጥናሽ» ይሏቸዋል። እትዬ እናኑ በር ላይ ቆመው «ልጄ አልሞተም፣ በእናታችሁ ተመለሱ» ይላሉ። ለቀስተኛው ሐዘን አእምሯቸውን እንደነካው አድርጎ ይቆጥርና ይበልጥ ያዝንላቸዋል።

ዕቃዬን ጠቅልዬ ልወጣ አስቤ ነበር። ሳልነግራቸው መውጣት ግን አልቻልኩም።

«ማን ነው የነገራቸው?» አሉኝ ቁጭ ሳልል።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ላንቺም እኮ አልነገርኩሽም።»

«አይቼዎት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ካየሽስ» አሉ፣ «ምነው ገብተሽ አጠገቤ ብትቀመጪ?»

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ባህል ፈጥሬያለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ መፍጠር ግን አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስፈቅጄ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆምኩ። ጭጬ የሚባል ሕዝብ እንዳልነበረ፣ እኔ እንደፈጠርኩት፣ እትዬ እናኑም መርዶ እንዳልሰሙ ተናገርኩ። አባ አድማሴ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ «አንቺ ልጅ፣ ባህላችንን አታዋርጂብን! የጭጬዎችን ነገር እኔ ከአያቴ ነው የሰማሁት» አሉኝ፤ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀላቸው። ይህም የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሥራ ፍሬ ነውና እንኳን ደስ ያለዎት። ሆኖም ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የምትባል ጎረቤታችን ከዚያው በቀጥታ ወደ እትዬ እናኑ ቤት ሄዳ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ማለቷን ትታ «እግዜር ያምጣልሽ» አለቻቸው። ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት። እትዬ እናኑ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራቸውን ከፍተው ሰው አስገቡ። እኔም ከሴቶቹ ኋላ ገብቼ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውጪ አላሉኝም።

እንግዲህ ለምኜዎት የማላውቀውን ልለምንዎ። ለቅሶውን ከትርኢቱ ያውጡልኝ። ዋሻይቱን ለፍየሎቹ ይመልሱ። ከሁሉም በላይ፣ ያለ ካሜራ፣ ያለ ባለሙያ፣ በእግርዎ እትዬ እናኑ ቤት ድረስ መጥተው፣ ስለ ልጃቸው የሰሙት ነገር እንደሌለና ሊጠሯቸው የማይገባ እንደነበረ በአንደበትዎ ይንገሯቸው። ብቻዎን መምጣት ቢከብድዎት እኔ አብሬዎት እገባለሁ፤ ከእኔ ይበልጥ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም። የምስክር ወረቀቱንም ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ መስታወቱ ደኅና ነው።

ዘመንዎ የተባረከ፣ መድረክዎ ሰው የማይወድቅበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ክብር ጋር

ሳታጠና ተመራማሪ ሆና የተሾመች፣
የሰው ዕንባ ሳታስፈቅድ የወሰደች፣
ባለውለታዎ

ያምሮት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ ባለሙያዎ ደውሎ፣ ለመጪው ዓመት በዓል ልብስ ሊሰፋ ስለሆነ ጭጬዎች የሚለብሱት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቀኝ። ማሰብም ሳያስፈልገኝ «የአፈር ቀለም፣ ጥልፍ የሌለው» ብዬ መለስኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያፈርኩት። እባክዎ ትእዛዙን ይሰርዙ፤ ጨርቁ ተገዝቶ ከሆነ ግን አንዱን በእርስዎ ልክ፣ አንዱንም በእኔ ልክ ያሰፉልን። ለጭጬዎች ባይሆንም ላፈረ ሰው ይሆናል።