የአይጥ መርዝ ሻጩ ልጅ፣ የአይጥ ተመራማሪዋ የሕይወት ጉዞ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ፕሮፌሰር»፣ እኛ ታናናሾቻቸው «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው እህታችን፣ ከአይጥ መርዝ ሻጭ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከገበያው ጀርባ፣ ፊቷ ሱቅ ጀርባዋ መኝታ በሆነች ቤት ውስጥ ነው። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ጠዋት በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ አባታቸውን ያግዛሉ።

የአባታችን መርዝ በሰፈሩ ስም ያለው ነበር። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ከበቆሎ ዱቄት ጋር ይቀላቅሉና በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡታል። የበላው አይጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ ወደ ውስጥ ፈስሶ ይሞታል። እንደ ሙያው ልማድ፣ በመርዙ የሞቱትን አይጦች በጨው እያደረቁ በአንድ ረጅም ሲባጎ ላይ አስረው የሱቁ በር ላይ ያንጠለጥሏቸው ነበር። ሌላው ነጋዴ ሰሌዳ ያስጽፋል፤ የእኛ ሱቅ ማስታወቂያ በጅራቱ የተሰቀለ አይጥ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. መርዙ መሥራቱን አቆመ። ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ ተመልሰው መጡ፤ መድኃኒቱን ትተው ዱቄቱን ብቻ ነው የሚሸጡልን ማለት ጀመሩ። አባታችን ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው አጡ። በመጨረሻ እልክ ያዛቸውና አንድ አይጥ አጥምደው፣ በሽቦ ሳጥን አድርገው ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ከእሳቸው መርዝ በቀር ሌላ ነገር እንደማይቀምስ፣ ሲሞትም ሁሉም በዓይኑ እንደሚያይ ለአላፊ አግዳሚው ተናገሩ። ሰዉ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ጎራ እያለ ማየት ጀመረ። አይጡ አልሞተም። እንዲያውም ወፈረ። በጎናችን የነበሩት ልብስ ሰፊ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩና አባታችንን «ዱቄቱ» አሏቸው። ስሙ በዚያው ተለጠፈ። እህታችን መድኃኒቱ ሲቀላቀል ሁልጊዜ ያዩ ስለነበር ለአባታቸው ቢመሰክሩም፣ «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» ተብለው አፋቸውን ያዙ። የልብስ ሰፊው ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው፤ አንደኛው አስከሬኑንም ከተሸከሙት መካከል ነው። ቂም የለም።

የሰፈሩ ሐሜት ሳያንስ ነገሩ ቤታችን ገባ። የአይጡን ውኃ የሚቀይሩት እህታችን ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለእንስሳ ሆዳቸው እንደሚባባ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን አባታችን ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ጠሯቸውና «ዳቦ ሰጥተሽዋል?» ብለው ጠየቋቸው።

«አልሰጠሁትም» አሉ።

አባታችን አልተቆጡም፣ እጃቸውንም አላነሡም። የሱቁን ቁልፍ ከእጃቸው ተቀበሏቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ እህታችን ሱቅ ውስጥ እንዲሠሩ አልተጠሩም። ጥያቄውም ሁለተኛ አልተነሣም። አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ በሰላም እየተነጋገሩ ኖሩ፤ ያቺ ዳቦ ግን በመካከላቸው ነበረች። አይጡ በእርጅና ሲሞት አባታችን እንደ ሌሎቹ አድርቀው የሲባጎው ጫፍ ላይ አሰሩት። ለምን እንዳደረጉት ለማንም አልነገሩም። ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ተዘጋ፤ አባታችንም የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። አይጦቹ እዚያም ጠበቋቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

እህታችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ሕክምና የሚያስገባ ውጤት አመጡ። እሳቸው ግን ባዮሎጂ መረጡ፤ በዚያም ላይ አይጥ። እናታችን፣ ሰው ልጁን የሚያስተምረው ከአይጥ እንድትርቅለት ነው ብለው አንድ ሳምንት አኮረፏቸው። እህታችን ለምን አይጥ እንደመረጡ ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚወልዱ ለጥናት ይመቻሉ እያሉ ይመልሱ ነበር። መልሱ እውነት ነው። እኛ ደግሞ ሌላውን እናውቅ ነበር።

ለዶክትሬት ዲግሪያቸው ጥናት፣ በቦይ ዳር የሚኖሩ አይጦችን ሳይጎዱ እየያዙ፣ ምልክት እያደረጉ መልሰው ይለቁ ነበር። ለዚህ ሥራ የቆርቆሮ ወጥመድ ያስፈልጋቸው ስለነበር አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄደው አሠሩ። የወጥመዱ በር ግን እንደሚገባ አይዘጋም፤ ይመልሱታል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይላላል። ቆርቆሮ ሠሪው በኋላ እንደተናዘዙት፣ በሩን ያላሉት የነበረው ሆን ብለው ነው። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ። ሌላዋ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ሻንጣ ይዛ ትወጣለች፤ እህታችን ያንን የአይጥ ሲባጎ በብስኩት ጣሳ ከተው ይዘው ወጡ። እናታችን እፎይ ያሉት ያን ዕለት ነው። በትዳራቸውም አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በዩኒቨርሲቲው ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ። የሥራ ክፍላቸው ምድር ቤት ነበር፤ በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የማቀዝቀዣቸው በር ላይ «ምግብ አይደለም» የሚል በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ የጻፉትም አንድ የጽዳት ሠራተኛ ከፍተው ከደነገጡ በኋላ ነው። በተራራ ግርጌና በተራራ አናት የሚኖሩ የሜዳ አይጦች ከአንድ ዘር ወጥተው እንዴት እንደተለያዩ ያጠኑት ጥናት ስማቸውን በሩቅ አስጠርቷል። ተማሪዎቻቸው በውጤት ጉዳይ ምሕረት አያውቁም ይሏቸዋል፤ ያለ ምሳ የመጣ ተማሪ ግን ምሳቸውን ሳይካፈል ከክፍላቸው አይወጣም ነበር።

የብስኩት ጣሳው በዚህ ሁሉ ዘመን መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከደረቀ ቆዳ ላይ የዘር ቅንጣትን ማንበብ የሚያስችለው መሣሪያ ሲመጣ፣ ከሲባጎው አይጦች ጅራት ትንሽ ትንሽ ቆረጡ። ራሳቸው ግን አልመረመሩትም። ቁጥር ብቻ ጽፈውበት፣ ታሪኩን ለማያውቁ በሌላ ተቋም ለሚሠሩ ባለሙያ ላኩት። የድንቢጥ ምስክርነት ምን ዋጋ እንዳለው ከልጅነታቸው ያውቁት ነበርና።

ውጤቱ በ1998 ዓ.ም. መጣ። በመርዙ የሞቱት የቀድሞዎቹ አይጦች አንዳቸውም የሌላቸው አንድ ትንሽ ለውጥ በወፍራሙ አይጥ ላይ ተገኘ፤ ከእናቱም ከአባቱም ወርሶታል። ይህ ለውጥ ያለው አይጥ ያንን መርዝ ጠግቦ ቢበላም ደሙ መርጋቱን አይተውም።

እህታችን በማግስቱ ከቁርስ በኋላ አባታችን ዘንድ ሄዱ። አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስረዷቸው። ከብዙ አይጥ መካከል ጥቂቶቹ ከመጀመሪያውም ለውጡ ነበራቸው፤ መርዙ ሌሎቹን ሲጨርስ የቀሩት እነዚያ ናቸው፤ የወለዱትም እነሱ ናቸው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፈሩን የሞሉት የእነሱ ልጆች ሆኑ። አባታችን ስለ መርዙም ስለ ሰፈሩም አልጠየቁም።

«እንግዲያው ዳቦ አልሰጠሽውም» አሉ።

«አልሰጠሁትም፣ አባባ» አሉ እህታችን፣ በሃምሳ ዓመታቸው።

አባታችን እጃቸውን ያዟቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኛም በሩ ላይ ቆመን አለቀስን። ኋላ ላይ ግን አባታችንን ሳቅ ያዛቸው። መርዙን ቀነስ አድርጌ ትንሽ ባጭበረብር ኖሮ ሱቄ ባልተዘጋ ነበር ማለት ነው ቢሏቸው፣ እህታችን ትንሽ አሰቡና፣ ነገሩ ከእውነት ብዙም አይርቅም አሉ።

አባታችን በ1999 ዓ.ም. አረፉ። ስለ መርዙ የተጻፈው ጥናት ታትሞ ወጥቶ ነበር፤ በሰፈራችን ግን ያነበበው ሰው አልነበረም። በቀብራቸው ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክም፣ ለጨዋነት ብለን፣ ነገሩን አላነሣነውም። አስከሬኑ ሲወጣ ከኋላ አንድ ሰው፣ በክፋትም ሳይሆን በልማድ፣ «ዱቄቱ ዐረፉ» ሲል እህታችን ሰሙ። ነገሩ ሆዳቸው ገብቶ ቀረ።

እህታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ የልብ ሕመም አገኛቸው። ደማቸው እንዳይረጋ በየቀኑ እንዲወስዱ የታዘዘላቸው ክኒን፣ አባታችን በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡት የነበረው ያው መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ለፋርማሲስቷ ይህንኑ ነግረዋት፣ ይህኛው ዱቄት አለመሆኑን በደንብ እንድታይላቸው ለምነዋታል። በሐኪምና በቤተሰብ ሲረዱ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው በተኙበት ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ የጥርስ ሐኪም ሴት ልጃቸው፣ መካኒክ ወንድ ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናናሽ እህትና ወንድሞቻቸው አሉ፤ በዓለም ላይ የተበተኑት ተማሪዎቻቸው ደግሞ ብዙ ናቸው።

በሆስፒታል ሳሉ ይህን ጽሑፍ ለሚያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው አንድ አደራ ሰጥተዋል። ጥናቴን የሰፈር ሰው አያነበውም፤ ቀብር ላይ ግን የሕይወት ታሪክ ሳያልቅ ጥሎ የሚሄድ የለም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ አንብብልኝ ነው ያሉት። የሰፈራችን ሰዎች፣ ሁላችሁም እዚህ አላችሁ። አባታችን የሸጡላችሁ መርዝ ነበር፤ ሙሉ መርዝ፤ አንድም ቀን አላጎደሉበትም። ልጃቸው ለሠላሳ ስድስት ዓመት ይህን ሲፈልጉ ኖረው አግኝተውታል።

አደራው ተፈጸመ። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ከአባታችን ጎን ያሳርፍልን፤ አሁን በመካከላቸው የቀረ ጥያቄ የለም።