ሁሉንም አንድ አድርገው ያለበሱት ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ ሰፋ ይበል» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ በምትገኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አባታቸው እግራቸውን ዘርግተው ለመተኛት በሩን መክፈት ነበረባቸው እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለዳል። ታላቅ ወንድማቸው ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወዳለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በመዝሙር ክፍለ ጊዜ ግን መምህሯ ከንፈራቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ያዝዟቸው ነበር። ያኔ ዩኒፎርም ስላልነበረ ሁሉም ቤቱ ያፈራውን ለብሶ ይመጣል። እናታቸው ልብስ ከሚያጥቡባቸው ቤቶች በአንዱ የተሰጣቸውን ባለ ስድስት ቁልፍ ቀሚስ አስተካክለው አለበሷቸው። የቀሚሱ የቀድሞ ባለቤት ለካ እዚያው ክፍል፣ ሦስት ወንበር ከፊታቸው የምትቀመጥ ልጅ ናት። ዞር ብላ አየቻቸውና፣ «ውይ፣ ቀሚሴ! እኔም እኮ እወደው ነበር» አለች። ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን ምሳዋን አካፍላቸዋለች። እርሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጡም። በኋላ ዘመናቸው ይህን ሲያነሱ ልጅቷን ወቅሰው አያውቁም። «እናቷ በመስጠቷ ደግ አደረገች፤ እንደተሰጠኝ ክፍሉ ሁሉ ማወቁ ግን ለማን ጠቀመ?» ይሉ ነበር።

ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የወንዶች ሱፍ ከሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገቡ። ሁለት ዓመት ቁልፍ ከመትከልና ካውያ ከማሞቅ በቀር ምንም አልተሰጣቸውም። በሦስተኛው ዓመት መቀስ ጨበጡ፤ ከዚያ ወዲያ መቀሱን የነጠቃቸው የለም። በሃያ አራት ዓመታቸው ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቁጡ ያልሆኑ፣ ነገር የሚያሳልፉ ሰው በመሆናቸው ሃምሳ ዓመት በሰላም ኖረዋል። እርሳቸው ደግሞ ነገር የሚያሳልፉ ሰው አልነበሩም።

ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የከፈቷት የስፌት ቤት ሁለት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና ወገቡ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት ነበራት። ልጅ ሲለኩ ሁልጊዜ «ሰፋ ይበል፣ ልጅ ያድጋል» ስለሚሉና ከጠርዙ አራት ጣት ጨርቅ አጥፈው ስለሚያስቀሩ፣ የሰፈሩ ልጆች በየዓመቱ መጀመሪያ የታላላቆቻቸውን ልብስ የሰረቁ ይመስሉ ነበር። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚህ ነው። ለባለቤታቸው የሠርግ ሱፍ ሳይቀር አራቷን ጣት አልከለከሉም፤ ሰውየው እስከ ዛሬ አላደጉባትም።

ታላቅ ወንድማቸው በበኩላቸው በጨርቅ መደብር ጣቃ ተሸካሚነት ጀምረው የመደብሩ ባለቤት ለመሆን የበቁ፣ በሰፈሩም ባለጠጋ የተባሉ ነጋዴ ነበሩ። ወንድምና እህት እሑድ እሑድ ሲገናኙ የሚከራከሩት በአንድ ጉዳይ ነበር፤ ያለው ለሌለው መስጠቱ ደግነቱ ነው ወይስ ዕዳው? ነጋዴው «ደግነት ነው፣ ደግነት ደግሞ ይመሰገናል» ይላሉ። እህታቸው «ጋሼ፣ አንተን ሀብታም ያደረገህ ሁለት ሜትር ሁለት ሜትር እያስቆረጠ ከአንተ የሚገዛው ድሃ አይደለም?» ይላሉ። ባለቤታቸው ሾፌሩ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ያሳስባሉ።

እርሳቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ያልለበሰ ተማሪ በበሩ አይገባም የሚል ደንብ አወጣ። ነጋዴው ወንድማቸው ይህን ሲሰሙ፣ አቅም ለሌላቸው ስልሳ ልጆች ጨርቁን ከመደብራቸው ሰጥተው የስፌቱንም ለእህታቸው ሊከፍሉ ተነሡ። ለእህታቸው ይህ የዓመት እንጀራ ነበር። ጨርቁ በጋሪ መጣ። ከጨርቁ ጋር ግን በእያንዳንዱ ሸሚዝ ኪስ ላይ የመደብሩ ስም በቀይ ክር እንዲጠለፍ የሚል ትእዛዝ ነበር።

እርሳቸውም፣ «ጋሼ፣ ይሄ ልብስ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። ልጁ ድሃ መሆኑን ደረቱ ላይ ልጻፍበት?» አሉ።

ወንድማቸውም፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ደግሞ ሌላው ነጋዴ ካላየ በምን ይነሣሣል?» ሲሉ መለሱ።

ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል። ጨርቁ በመጣበት ጋሪ ተመለሰ፤ ትምህርትም ተከፈተ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ልጆች ከበር ተመለሱ። ከእነርሱ የአንዱ እናት፣ አትክልት የሚሸጡ ሴት፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ስፌት ቤቱ ገቡና፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ኩራት ልጄን አያለብስልኝም። ስም ቢጻፍበትስ ምናለ? ብርድ ማንበብ ይችላል እንዴ?» አሏቸው።

እርሳቸው መኪናቸውን አቆሙ። ሴትየዋ ከሄዱ በኋላ ለባለቤታቸው፣ «እውነቷን ነው። የእኔን የልጅነት ቁስል ያከምኩት በሷ ልጅ ነው» ብለው አለቀሱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሕተታቸውም ይነገር፤ ይነገር ብለውም ያውቃሉ።

በማግሥቱ ወደ ወንድማቸው መደብር ሄዱ። ሠራተኞቹ የባለቤቱ እህት መሆናቸውን እያወቁ ይግቡ ቢሏቸውም፣ ከገዢዎች ጋር በተራቸው ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ፣ «ይሁን ጋሼ፣ ስምህን እጠልፋለሁ። ብቻ የአንተም ሁለት ልጆች እዚያው ትምህርት ቤት ስለሆኑ፣ የእነሱም ኪስ ላይ ይጠለፋል» አሉ።

ነጋዴው፣ «የእኔ ልጅ የእርዳታ ልብስ ሊለብስ!» ብለው ጮኹ።

ገዢዎቹ ሰምተዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን እሳቸው ራሳቸውን ሰሙ። ሜትሩን አነሡና ቀድሞ የተለካውን ጨርቅ እንደገና ለኩት። ከዚያም፣ «እሺ እታለም፣ ምን ይሁን ነው የምትዪው?» አሉ።

የሆነውም ይህ ነው። የሀብታሙም የድሃውም ልጅ ልብስ ከአንድ ጣቃ ይቆረጣል፣ በአንድ ቤት ይሰፋል፣ በአንድ ቅዳሜ በአንድ ዓይነት ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል። የሚችል ይከፍላል፣ የማይችል አይከፍልም። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ የሚያውቁት ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናቸው። ወንድማቸው በኪስ ላይ ያላሰፈሩትን ስም በአፋቸው አልቆጠቡም። በየሱቁ እየዞሩ ስላወሩ ጫማ ሻጩና ደብተር ሻጩም ገቡበት። እርሳቸውም፣ «በዚህስ ጋሼ ልክ ነበር፤ ካልተወራ ማን ይሰማል» ብለው ሳይንገራገሩ አምነዋል።

ሥራው ሠላሳ አንድ ዓመት ዘለቀ። ሁለቱ መኪኖች ስድስት ሆኑ፣ አምስት ሴቶችም ሙያ ለምደው ቤት አቆሙ። አንድ ርዕሰ መምህር ለሪፖርት የተረጂዎችን ስም ዝርዝር ቢጠይቋቸው፣ «ሁሉም ለብሰዋል ብለው ይጻፉ» አሏቸው። ለባለቤታቸው እንኳ አንድ ስም አልነገሩም፤ ሾፌሩም ነገር የሚያሳልፉ ሰው ናቸውና አልጠየቁም። ደስ ብሏቸው ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ቆመው በልካቸው ያልሆነ ልብስ ለብሰው የሚሮጡትን ልጆች እያዩ ሲስቁ፣ ከዚያ የበለጠ ሀብት ያምራቸው እንደነበር የሚናገር ሰው አልተገኘም።

በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዓይናቸው ክር ማስገባት ሲያቅተው ሥራውን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ባለፉት ሁለት ዓመታት የልብ ሕመም አድሮባቸው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ለቤተሰቡ ሲነበብ፣ ወንድማቸው አንድ ነገር እንዲጨመር ጠየቁ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ርካሽ የተዘጋጀ ልብስ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው መደብራቸው እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ያላወቅነው፣ በዚያ ዓመት ወደ እህታቸው ስፌት ቤት ሄደው እንደነበር ነው። በሩ ላይ ቆመው፣ «እታለም፣ የትንሿ ልጄ ነገር...» ብለው ሲጀምሩ፣ እህታቸው ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ልኬቷን አውቀዋለሁ ጋሼ፤ ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ትምጣ» ብለው አላስጨረሷቸውም። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲሁ ሆነ። ነጋዴው ይህን ለሚስታቸው እንኳ ሳይናገሩ ቆይተው ትናንት በሁላችን ፊት ተናገሩ። ትንሿ ልጃቸው ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ናት። እስከ ትናንት ድረስ አባቷ የከፈሉበትን የለበሰች ይመስላት ነበር።

እማማ ሰፋ ይበል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። እንዲሁም ቁጥራቸውን እርሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ልጆች ትተዋል። ከእነዚያ መካከል ዛሬ እዚህ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም፤ እንደ ሁላችን አልቅሱ። ለባለቤታቸውና ለወንድማቸው መጽናናትን እንመኛለን። ፈጣሪም ነፍሳቸውን ምንም ሳይጠይቅ ይቀበልልን።